መሬቱን ሳታይ ትራይፖድ አትግዛ

ሰርግና ምርቃት መቅረጽ የጀመሩ ልጆች ስለ ካሜራ ሲያወሩ ቢውሉ አይሰለቻቸውም። ሶኒ ይሻላል፣ የለም ካኖን ይሻላል፣ ፎር ኬ ነው፣ ስሎ ሞሽን አለው፣ ምናምን። ስለ ስታንድ፣ ካሜራው ስለሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ትራይፖድ፣ ግን የሚጠይቅ የለም። ቢገኝም ጥያቄው አንድ ነው፦ "ርካሹ የት ይገኛል?" ይገርመኛል። ካሜራ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አዲስ ይወጣና ያንተው ያረጃል። ደህና ትራይፖድ ግን ሦስት አራት ካሜራ ቀብሮ ይኖራል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። መደገፊያ የሚመርጥልህ ካሜራህ አይደለም። የምትቆምበት መሬትና ሰው የሚተውልህ ቦታ ነው። ሻጩ "ይሄ ስምንት ኪሎ ይሸከማል" ይልሃል። ይሸከም። የት ቆሞ? ሱቅ ውስጥ ሴራሚክ ላይ ማንኛውም ስታንድ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጎንደር ላይ ሜዳ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከፒያሳ በየትም ብትወጣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ በድንጋዩና በድንጋዩ መሃል ያለችው ክፍተት የስታንድ እግር ለመዋጥ ታስባ የተተወች ነው የምትመስለው። ዳስ የሚጣለው ግቢ ውስጥ ነው፣ ግቢው ያዘነበለ ነው፣ እላዩ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ከቄጠማው ሥር ጉድጓድ ይኑር ድንጋይ የሚያውቀው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሦስቱ እግሮች ሦስት የተለያየ ርዝመት ይኖራቸዋል። አናቱ ደግሞ ውሃ ልክ መሆን አለበት። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የፎቶ ስታንድና የቪዲዮ ስታንድ የሚለያዩትም እዚሁ ላይ ነው። የፎቶው አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ውሃ ልኩን ለማምጣት እግር ማሳጠር፣ እግር ማስረዘም፣ ተነስቶ ማየት፣ ደግሞ ማጎንበስ ነው። አንተ ስታጎነብስ ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ገብታለች። የቪዲዮው ግን አናቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦውል አለው፤ ሄዱ፣ ማለትም ካሜራው የሚታሰርበት ማዞሪያ፣ በግማሽ ኳስ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ከሥር ያለችውን እጀታ ታላላለህ፣ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል እስክትገባ ሄዱን ታንቀሳቅሳለህ፣ ታጠብቃለህ። አለቀ። እግሮቹን አልነካሃቸውም። ቦውሉ አብዛኛውን ጊዜ በ75 ሚሊሜትርና በ100 ሚሊሜትር ይመጣል። መቶው ለከባድ የቴሌቪዥን ካሜራ ነው። ለእኛ ሥራ ሰባ አምስቱ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

"ትንሽ ቢያዘነብልስ?" የሚል አይጠፋም። ካሜራውን ካላዞርከው ምንም አይደለም፣ ኤዲቲንግ ላይ ታቃናዋለህ። ካዞርከው ግን አበቃ። ሾቱ ቀጥ ብሎ ይጀምርና አዙረህ ስትጨርስ ተጋድሞ ይገኛል። ፋሲል ግቢን ከዳር እስከ ዳር በዚህ ዓይነት ስታንድ አዙረው እስቲ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተገንብቶ ይህን ሁሉ ዘመን ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ያንተ ቪዲዮ ላይ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል።

አሁን ወደ ሄዱ እንምጣ። ገንዘብህን የምታፈሰው እዚህ ላይ ነው። እግሩ መካከለኛ፣ ሄዱ ጥሩ ቢሆን ትሠራለህ። እግሩ ምርጥ፣ ሄዱ ርካሽ ከሆነ ግን አትሠራም። ቦል ሄድን፣ በአንዲት ኳስ ላይ የሚዞረውን፣ ለቪዲዮ አስበህ እንዳትገዛ። ስትፈታው በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚፈታው፤ ወደ ጎን ላዙር ስትል ወደ ፊት ይደፋል። የሚያስፈልገው ፍሉይድ ሄድ ነው። አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። የአውስትራሊያው ሚለር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አሠራሩም ያው ነው እስከ ዛሬ። ውስጡ ወፍራም ፈሳሽ አለ። እጅህ ሲገፋ ፈሳሹ እኩል ይይዘዋል፣ ስለዚህ እጅህ ላይ ያለችው ትንሿ መንቀጥቀጥ ካሜራው ጋ ሳትደርስ ትቀራለች። ርካሾቹ ላይም ፍሉይድ ተብሎ ይጻፋል። ውስጣቸው ግን ብረት በብረት ላይ ነው፣ መሃሉ ላይ ግሪስ ተቀብቷል። ስትጀምር ይይዝሃል፣ ከዚያ በድንገት ይለቅሃል። የጥር ሌሊት ብርድ ሲጨመርበት ግሪሱ ይጠጥርና ጠዋት አንድ ዓይነት፣ ቀትር ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ታገኘዋለህ።

ሱቅ ውስጥ የማደርገውን ልንገርህ። የራሴን ካሜራ ከረጅሙ ሌንስ ጋር ይዤ እሄዳለሁ። ያለ ካሜራ ስታንድ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ጫማ ሊገዛ እግሩን ቤት ትቶ የወጣ ነው። ካሜራውን አስቀምጬ ሌንሱን እስከ መጨረሻው እጎትትና መንገድ ማዶ ያለ ነገር ላይ፣ የመስኮት ጠርዝም ይሁን የሱቅ ጽሑፍ፣ ፎከስ አደርጋለሁ። ከዚያ በጣም ቀስ ብዬ አዞራለሁ። አነሳሱን አያለሁ፤ ይዘላል ወይስ ሳይታወቅ ይነሳል? ቀጥሎ አቆምና እጄን ከእጀታው ላይ አነሳለሁ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። እጅህን ስታነሳ ምስሉ ትንሽ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ስታንዱ ተጠማዝዞ ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ የሄዱ ሊሆን ይችላል፣ የእግሩም ሊሆን ይችላል። የእግሩ መሆኑን ለማወቅ አናቱን በሁለት እጅህ ያዝና እንደ መጠምዘዝ አድርገው። እግሮቹ አብረው ከተጠማዘዙ አትግዛው። ድርብ ቱቦ ያላቸው እግሮች በዚህ በኩል ይሻላሉ፣ ነጠላና ቀጫጭን ከሆኑት ጋር አይወዳደሩም።

ሁለተኛው ፈተና ስለ ክብደት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሄዱ ሳይሰበር የሚሸከመው ነው። ካሜራው ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚይዘው ስፕሪንግ ግን ሌላ ቁጥር አለው፤ ካውንተር ባላንስ ይሉታል። ምሳሌ ልስጥህ። ማንፍሮቶ 502 የሚባለው ሄድ የሚሸከመው እስከ 7 ኪሎ ነው። ስፕሪንጉ የተስተካከለው ግን ለ4 ኪሎ ገደማ ነው። ታናሹ 500 ደግሞ 5 ኪሎ ይሸከማል፣ ስፕሪንጉ ለ2.4 ኪሎ ነው። እንግዲህ የኛ ሰው በአብዛኛው የሚሠራው በሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት በሌለው ቀለል ያለ ካሜራ ነው። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ ማይኩ፣ ላዩ ላይ ያለች ትንሽ ሞኒተር ሁሉ ተደምሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ታዲያ "ትልቁ ይሻላል" ብሎ 502 የገዛ ልጅ ካሜራውን ወደ ታች ሲያዘነብለው ሄዱ መልሶ ወደ ላይ ይገፋበታል። ቀኑን ሙሉ ከስፕሪንግ ጋር ትግል ነው።

ስለዚህ ፈትነው። ካሜራውን ከነሙሉ ዕቃው አስቀምጥ፣ ወደ ፊት አዘንብለው፣ ሳታጠብቅ እጅህን ልቀቅ። ከተደፋ ስፕሪንጉ ደካማ ነው። ወደ ላይ ከተመለሰ በዝቶብሃል። እዚያው ባለበት ከቀረ ያንተ ነው። ስትለቅ ግን ሌላኛው እጅህ ከሥር ይጠብቅ፣ አደራ።

ስለ ስም ብዙ መጨቃጨቅ አልወድም። ሳክትለር የጀርመን ነው፣ ዋጋው ያስደነግጣል፣ ግን ይገባዋል። ሊቤክ የጃፓን ነው፣ ማንፍሮቶ የጣሊያን። ከቻይናዎቹ ቤንሮና ስሞልሪግ ደህና ናቸው። ዌይፌንግ ርካሽ ነው፣ ዝም ብሎ ቆሞ ሙሉ መድረክ የሚቀርጽ ሁለተኛ ካሜራ ለመያዝ ያገለግላል፣ አዙርበት ካልከኝ ግን አላዞርበትም። አዲስ አበባ የተሻለ ምርጫ አለ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ደግሞ ካሜራ ያስመጣል እንጂ ስታንድ ማስመጣት አይሆንለትም። ባለ ድርብ ቱቦው ታጥፎም ቢሆን ረጅም ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ዘመድም "ይሄን ብረት ነው ወይ ተሸክሜ የምመጣልህ?" ይላል፤ እውነቱን ነው።

ከእግሮቹ መሃል የምትዘረጋዋን ነገር፣ ስፕሬደሯን፣ ማንም አያስተውላትም። ሁለት ዓይነት አለች። አንደኛዋ መሬት ላይ የምትተኛ ናት፤ ለአዳራሽ ወለል የምትመች ናት። ሁለተኛዋ እግሩ ወገብ ላይ፣ መሃል ላይ የምትዘረጋ ናት። እዚህ አገር ሁለተኛዋን ግዛ። ደረጃ ላይ አንድ እግር ታች፣ ሁለት እግር ላይ አድርገህ መቆም ትችላለህ። መሬት ላይ የምትተኛዋ ድንጋይ ሲያጋጥማት ጥቅም የላትም፤ ቄጠማ ውስጥ ደግሞ ሰው ይረግጣታል።

እግሮቹ የሚቆሙበት አቅጣጫም ወግ አለው። አንደኛው እግር ከሌንሱ ሥር ወደ ፊት ይሁን፣ ሁለቱ ወደ አንተ። በሁለቱ መሃል ትቆማለህ፣ ሳትደናቀፍ ትዞራለህ። ማታ ከሆነ እግሮቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፍ። ሰርግ ቤት የሚሮጡት ሕፃናት ጥቁር ስታንድ አይታያቸውም። መሃል ለመሃል ሸክም አንጠልጥልበት፣ የባትሪ ቦርሳህም ቢሆን። ነፋስ ካለ ግን ቦርሳው እንዳይወዛወዝ መሬቱን ነካ እስኪያደርግ ዝቅ ይበል። የመሃል ምሰሶ ያለው ስታንድ ከሆነ ደግሞ ምሰሶውን ከፍ አታድርግ። ቁመት ከፈለግህ እግር አስረዝም።

ቁመት ስል ጥምቀት ትዝ አለኝ። ጎንደር ላይ ቪዲዮ እሠራለሁ የሚል ሁሉ ጥምቀትን ሳይቀርጽ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የካሜራው ብዛት ሌላ ነው። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ትራይፖድ የሚባል ነገር እርሳው። መንገዱ ሕዝብ ነው፣ ሕዝቡ ይንቀሳቀሳል፣ ሦስት እግር ዘርግተህ ከቆምክ ወይ ይጥሉሃል ወይ ትጥላለህ። የከተራ ዕቃ ሞኖፖድ ነው። አንድ እግር፣ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ። ሞኖፖዱ ከታች ሦስት ትንንሽ ጥፍር ያለውና አናቱ ላይ ፍሉይድ ሄድ የተገጠመለት ይሁን። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ማሕሌት ሲያደርሱ መቋሚያቸው ላይ ዘንበል ብለው አረፍ እንደሚሉት አንተም በሞኖፖዱ ታርፋለህ፤ ሞኖፖዱ ያሳርፋል እንጂ ብቻውን አይቆምም፣ እጅህን ለቀህ ስልክ አታናግርም።

በማግስቱ ጥር 11 ነገሩ ይለወጣል። ከንጋት በፊት ቦታ መያዝ አለብህ። ውሃው ዳር ያለው ቦታ ለካህናቱና ለእንግዶች ነው፤ ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡም ፍንጣቂው ሩቅ ይደርሳል፣ ካሜራህን ፕላስቲክ አልብሰው። ራቅ ብለህ በረጅም ሌንስ መሥራት ይሻላል። በረጅም ሌንስ ስትሠራ ግን የትራይፖድህ ጉድ ሁሉ ይወጣል። በሰፊው ሌንስ የማይታይ መንቀጥቀጥ 200 ሚሊሜትር ላይ ሙሉ ምስሉን ያስጨፍረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ለተመልካች ከእንጨት የሚሠራ ርብራብ መቀመጫ አለ። ከፍ ያለ ስለሆነ ካሜራማን ያስጎመጃል። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ዕለት ርብራቡ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙ ሰው ቆስሏል። እኔ ከዚያ ላይ አልቀርጽም። የደኅንነቱ ነገር ባይኖርም እንኳ ለሥራ አይሆንም። አንድ ሰው ተነስቶ ባጨበጨበ ቁጥር እንጨቱ ይንቀጠቀጣል፣ ስታንድህም አብሮት። ምርጥ የተባለ ፍሉይድ ሄድ ከእጅህ የሚመጣውን ይይዛል እንጂ ከመሬት የሚመጣውን አያስቀርም። መሬት ላይ ቁም። ቁመት ካነሰህ አንተ ከፍ በል።

ከፍ የማለቱ መላ ደግሞ ቀላል ነው። ሰባ አምስቱ ቦውል ያላቸው ስታንዶች ብዙዎቹ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይዘልሉም። ከፊትህ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ከራሱ በላይ ይዞ ይቀርጻል። ስለዚህ ከሰው ራስ በላይ የሚሄድ ስታንድ ብታገኝ መልካም ነው፣ አንተ ግን ከሥሩ ሆነህ ምን ታያለህ? በርጩማ ያዝ። ሰርግ ቤት ከሆነ በርጩማም አያስፈልግህም፤ ባዶ የዳሽን ቢራ ሳጥን ሞልቷል። ገልብጠህ ትቆምበታለህ። ሁለት ሳጥን ደራርበህ ግን አትውጣ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ ሥርዓት አለ። ተክሊል ስትቀርጽ ቦታህን የሚነግሩህ ካህናቱ ናቸው። ቀድመህ ሂድና ጠይቅ፣ በዋዜማው ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። "አባ፣ የት ብቆም አልረብሽዎትም?" ካልክ ጥሩ ጥግ ይሰጡሃል። ሳትጠይቅ ዘርግተህ ከቆምክ ግን መሃል ላይ "ልጄ፣ እግሩን ሰብስበው" ይሉሃል፣ ያኔ የምትሰበስበው ስታንዱን ብቻ አይደለም፣ ሾቱንም ነው። የእግሩ ጫፍ ጎማ ይሁን። ሹል ብረቱን ለሣርና ለአፈር ተወው። ምንጣፍ ላይ፣ በተለይ ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ባለ ጥንታዊ ቦታ ሹል ብረት ማሳረፍ ነውር ነው። ሰውም ቅርስም ላይ። ሲዘጋና ሲከፈት ቋ የሚል መቆለፊያ ያለው ስታንድም ለቅዳሴ አይሆንም። የሚጠመዘዘው ቆላፊ ፀጥ ያለ ነው፤ ጉዳቱ አቧራ ሲገባበት ይንቋቋል፣ ፈትቶ መጥረግ ይፈልጋል። የጥር አቧራ ደግሞ ታውቀዋለህ።

አዳራሽ ውስጥ ችግሩ ከመሬት ሳይሆን ከድምፅ ነው። ስፒከሩ አጠገብ አትቁም። የከበሮው ምት ወለሉን ይመታዋል፣ ወለሉ ስታንዱን፣ ስታንዱ ሌንሱን። መድረኩ ላይም አትውጣ። ብዙዎቹ መድረኮች እንጨት ናቸው፣ ጭፈራው ሲጀመር፣ በተለይ እስክስታው ሲሞቅ፣ ስታንድህ ከሙሽሮቹ ጋር አብሮ ይጨፍራል። ዋናውን ካሜራ መድረኩን ፊት ለፊት የሚያይ፣ ግን ከመድረኩ ውጭ ያለ ወለል ላይ አቁም። ሁለተኛውን ርካሽ ስታንድ ላይ አድርገህ ሰፊውን ሾት ይያዝ፣ ዝም ብሎ ይቅረጽ። በሞኖፖድ አንተ ሰው መሃል ትገባለህ። ይሄው ነው። ክሬን የሚያስገቡም አሉ። ባለሰርጎቹ ይወዱታል፣ ትልቅ ስለሚያስመስል። እኔ አልወደውም፤ ሁለት ጠረጴዛ ያስነሳል፣ እንግዶቹም ከሙሽሮቹ ይልቅ ክሬኑን ሲያዩ ያመሻሉ።

አሁን የምትጠብቀው ነገር፦ ጊምባል፣ ካሜራውን በሞተር የሚያረጋጋው የእጅ መያዣ። ልጆቹ ሁሉ የሚጀምሩት ከእሱ ነው። ይገባኛል። ሙሽራዋ ስትራመድ ካሜራው እየተንሳፈፈ ሲከተላት ያምራል፣ ቲክቶክ ላይም ይሄዳል። እኔም አለኝ። ግን በመጨረሻ የሚገዛ ዕቃ ነው የምለው። አንደኛ፣ ክብደቱ። የዲጄአይ አርኤስ 3 የሚባለው ጊምባል ከነባትሪው ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ነው፤ ላዩ ላይ ካሜራና ሌንስ ጨምርበት። አምስት ደቂቃ ትይዘዋለህ። ግማሽ ሰዓት ያዘው እስቲ። ሁለተኛ፣ ሌንስ በቀየርክ ቁጥር እንደገና ባላንስ ማድረግ አለብህ፣ ሰርግ ደግሞ አይጠብቅህም። ሦስተኛ፣ ጊምባል መዞርንና ማዘንበልን ይይዛል እንጂ ከእርምጃህ የሚመጣውን ወደ ላይ ወደ ታች ማለት አይይዝም። ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ፣ ተረከዝህን ቀድመህ እየረገጥክ መራመድ አለብህ። ኮብልስቶን ላይ ሞክረው።

አራተኛው ዋናው ነው። የጎንደር ሰርግ ላይ ሽማግሌ ተነስቶ ሲመርቅ አይቸኩልም። አይቸኩልምም አይባል፣ ይዘረዝራል። "ውለዱ ክበዱ" ይላል፣ አሜን ይባላል፣ ይቀጥላል፣ እንደገና አሜን። አንተ ጊምባል ይዘህ ከሆነ በመሃሉ ክንድህ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ እጅ ትቀይራለህ፣ እዚያ ላይ ነው ሽማግሌው እንባቸው የሚመጣው። ቤተሰቡ ከዓመታት በኋላ ቪዲዮውን ከፍቶ የሚያየው ያችን ምርቃት ነው። የሙሽራዋን ቀሚስ የሚያዞረውን ሾት አይደለም። ምርቃት ደግሞ የሚቀረጸው በትራይፖድ ነው፣ ዝም ብሎ፣ ፊታቸው ላይ።

በነገራችን ላይ የካሜራ ውስጥ ስታቢላይዘር (መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ) አለኝ የሚል ትራይፖድ ላይ ሲወጣ ያጥፋው። አንዳንዶቹ ካሜራዎች የራስህን ፓን፣ ወደ ጎን ማዞርህን፣ እንደ መንቀጥቀጥ ይቆጥሩትና ሊያርሙት ይታገላሉ፣ መጨረሻው ላይ ምስሉ ይጎተታል።

ትንንሾቹ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም፣ ግን ያድናሉ። ክላምፕ አንድ ይኑርህ፣ ጠንካራው ዓይነት። የዳሱ ምሰሶ ላይ፣ የበረንዳ ብረት ላይ ትነክሰዋለህ፣ ካሜራ ከላይ ታስቀምጣለህ። ምሰሶው ራሱ እንደማይወዛወዝ ግን በእጅህ ነቅንቀህ እይ። ሌላው ከረጢት ነው። ወፍራም ጨርቅ ታሰፋለህ፣ ሽምብራ ትሞላዋለህ፣ ዚፕ። አሸዋ አትሙላው፣ ያፈስና ካሜራ ውስጥ ይገባል። የግንብ አጥር ላይ፣ የመኪና መስኮት ላይ፣ ወንበር ጀርባ ላይ ጣል ታደርገውና ካሜራውን ትጭንበታለህ። ትራይፖድ ከማይፈቀድበት ቦታ ሁሉ ይገባል፣ ማንም አያየውም።

ፓን ስታደርግ ደግሞ በክንድህ ብቻ አታዙር፣ በወገብህ አዙር። መድረሻህ ላይ እግርህ ምቹ ሆኖ እንዲቆም አድርገህ ተከል፣ ከዚያ ወገብህን ወደ መነሻው ጠምዝዘህ ጀምር። ስትጨርስ ትዝናናለህ፣ ሾቱም አብሮህ ይረጋጋል። ተቃራኒውን ካደረግክ መጨረሻው ላይ ነው የምትንቀጠቀጠው።

ፕሌት ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በዚች ትንሽ ብረት የተነሳ ሥራ ሲበላሽ አይቻለሁ። ካሜራው ሥር የምትታሰረው ናት። ሁሉም ዕቃህ፣ ትራይፖዱም፣ ሞኖፖዱም፣ ቢቻል ጊምባሉም፣ አንድ ዓይነት ፕሌት ይቀበል። አለዚያ ታቦቱ እየወጣ አንተ ብሎን ትፈታለህ። የማንፍሮቶ 501 የሚባለው ፕሌት በብዙ የቻይና ሄዶችም ላይ ይገባል፣ ስለዚህ እሱን መሠረት ብታደርግ አትቸገርም። ትርፍ ይዘህ ሂድ። ካሜራው ላይ ያለችው ቀዳዳ ሩብ ኢንች ናት፤ ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሚባለው ወፍራሙ ብሎን ለትልልቅ ዕቃ ነው፣ ስትገዛ የትኛው እንደሆነ አረጋግጥ። ብሎኑን ለማጥበቅ ደግሞ ኪስህ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም አይጥፋ።

ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃኝም ካልከኝ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው። መጀመሪያ ያገለገለ፣ ግን ደህና የሆነ ባለ ቦውል ትራይፖድ ከፍሉይድ ሄድ ጋር። ቀጥሎ ሞኖፖድ። ከዚያ ክላምፕና ሽምብራው። ጊምባሉ ሥራው ራሱ ይግዛልህ። ካርቦን ፋይበር እግር ይቅለል እንጂ ለመጀመሪያ ዕቃ አያስፈልግም፣ አሉሚኒየም ይበቃል፤ በየተራራው የምትዞር ከሆነ ብቻ ነው ክብደቱ የሚያሳስብህ።

ያገለገለ ስትገዛ የሄዱን ዙሪያ ዳብስ። እጅህን ቅባት ከነካው ፈሳሹ እያለቀ ነው፣ እዚህ አገር መልሶ የሚሞላልህ ማግኘት ከባድ ነው፣ ተወው። የእግር መቆለፊያ ብሎን መላላት ግን በሽታ አይደለም፣ በአለን ቁልፍ ይጠብቃል። ጎማ ጫፉ ከጠፋ ጫማ ሰፊ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ያበጅልሃል። ድራጉን፣ ሄዱ ሲዞር ምን ያህል እንደሚይዝ የሚወስነውን ቁልፍ፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ አዙረህ ልዩነቱ እጅህ ላይ መሰማቱን እይ፤ የማይሰማ ከሆነ ቁልፉ ይዞራል እንጂ ውስጡ ሞቷል። ፕሌቱ ከሌለ ደግሞ ከዋጋው ላይ አስቀንስ፣ ግን 501 የሚቀበል ከሆነ ለዚያ ብለህ ግዢውን አትተው።